የታጠበው ክንድ

ሐሙስ፣ ጥር 15

ሰኞ ጊንጆ ሰፈር የሄድኩት ለአዲሱ የችፌ ቅባት ጥናት ከፎዚያ ልጅ ክንድ ላይ የጀርም ናሙና ለመውሰድ ነበር። ከእሑድ ጀምራ እንዳታጥባት ደጋግሜ ነግሬያት ነበር። ስደርስ ግን በሳሙና ፈትጋ አጥባ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሳ ጠበቀችኝ።

«እንግዳ እየመጣ በእድፏ ላቆያት እንዴ? ወላሂ ነውር ነው» አለችኝ።

እንዳላሳፍራት ብዬ ናሙናውን ወሰድኩ፤ ቅጹ ላይም «አልታጠበችም» ብዬ ሞላሁ።

ዛሬ ጥናቱን የሚመራው ዶክተር የላብራቶሪውን ውጤት ይዞ መጣ። ጀርሙ ከልጅቷ ቆዳ ላይ ጠፍቷል። «ቅባታችን እየሠራ ነው» አለ ፊቱ በርቶ። ሳሙናው እንደሆነ ልነግረው ፈለግኩ፤ ግን የሞላሁትን ቅጽ ፋይሉ ውስጥ መለስኩት።

ከሰዓት ፎዚያ ደወለች። «ማሎ፣ እባክሽ ሲስተር፣ ልጄ ዛሬም ስታክክ አደረች። ቅባቱን ልቀጥል ወይስ ልተው?»

«ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት።