በረዶ ሳይወርድ የማይነገር ተረት

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 12

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ሥራ አልገባሁም። የአያቴን ፀጉር ጎነጎንኩላት፤ ሳስቶ የሕፃን ፀጉር መስሏል። ዓሣ ቀቀልኩ፣ መረቁን ብቻ ቀመሰች።

"ጨው የለውም።"

ክሊኒኩ ጨው ከልክሏታል። "አልቋል" ብዬ ዋሸሁ።

"ሱቁ ተቃጠለ እንዴ?" አለች። አፏ እንኳን አልታመመም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14

ነርሷ አስጠራችኝ። የአያቴ ጉበት ነው... ካንሰሩ ተሰራጭቷል። ስንት ጊዜ አላት? አልኩ። "ቅጠሉ እስኪረግፍ ብትቆይልሽ..." አለች። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ቁጭ አልኩ። ምን ላድርግ? ማን ምን ያደርጋል?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 16

ተረቱ ነው ሲያንገበግበኝ የዋለው። ወንድሟን ፍለጋ በበረዶው ሐይቅ ላይ ብቻዋን የምትሄደው ልጅ ተረት። ከአያቴ በቀር የሚያውቀው የለም። እሷን አያቷ ከመንግሥት ልጅ ሰብሳቢዎች ጫካ ውስጥ ደብቀው ነው ያሳደጓት፤ ከሳቸው ነው የሰማችው። ልጅ ሆኜ በየዓመቱ ትነግረኝ ነበር። በየዓመቱ ደግሞ፣ ልጅቷ ጭስ የማይወጣበትን ድንኳን በር ስትገልጥ እንቅልፍ ይወስደኛል። ውስጥ ማን ነበር? ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አላውቅም። ለከርሞ እሰማዋለሁ እያልኩ...

ስልኬን ይዤ ገባሁ። "ኮኮም፣ ንገሪኝና ልቅዳው።" ሰፈሩ ሁሉ ኮኮም ነው የሚላት፤ የሁሉም አያት ናት።

እጄን አየች። "ባዶ እጅሽን?"

አፈርኩ። ሮጬ ትምባሆ ገዝቼ መዳፏ ላይ አኖርኩ። ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚለመነው፤ ከተቀበለች እሺ ማለቷ ነው። ጨበጠችው።

"በረዶ ሲወርድ" አለች።

"በረዶ እኮ ገና ሁለት ወር ተኩል ይቀረዋል!"

"አሁን እንቁራሪቱም እባቡም አልተኛም፣ ይሰማል። አልጋሽ ውስጥ ይግባልሽ?"

"ይግባ!"

ሳቀች። ሳቋ አመማት። እኔ ግን ተናደድኩባት፤ እየሞተች ባለች ሴት ተናደድኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 18

አጎቴ ክላረንስ ታንኳውን ሲጠግን አገኘሁት። በታንኳ የምንለቅመው የሐይቁ ሩዝ ሊደርስ ነው። የአያቴ የበኩር ልጅ ነው፣ ስልሳ ስድስት ዓመቱ።

"አንተ ለምንልኝ። አንተን እንቢ አትልም።"

"ስለ ምኑ?"

"ስለ ተረቱ።"

መዶሻውን አስቀመጠ። "በሱ ነገር እኔን አታስገቢኝ" ብሎ ወደ ውሃው ሄደ። ምን ብዬ አስቀየምኩት?

እሑድ፣ ነሐሴ 24

የእህቴ ልጅ ጆሊን ከፍሪጁ በረዶ ፍቃ በሳህን አመጣች። "ኮኮም፣ ወረደ!"

"አንቺ ቀጣፊ!" አለቻት አያቴ። "ከፍሪጅ የወጣ አይቆጠርም።" ስምንት ዓመቷ ናት ጆሊን። እኔም ያንኑ አስቤ ነበር... አፍሬ ነው የተውኩት።

ጳጉሜ 3

መብላት አቆመች።

ረቡዕ፣ መስከረም 6



ጠዋት ነጭ አንሶላ አነጠፍኩላት። መድኃኒቱ አደንዝዟታል። አንሶላውን ደባበሰችና "ወረደ እንዴ?" አለች። ከዚያ ጀመረች። እንዲሁ ጀመረች! "ልጅቷ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች..." በዚያ በድሮ ድምፅዋ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን ከተትኩ፤ ግን አላወጣሁትም። ልጅቷ ሐይቁን አጋመሰች። ነፋሱ ስሟን ጠራት። ድንኳኑ ታየ። አንድ ደቂቃ ብቻ... አንድ ደቂቃ ብታገስ ኖሮ!

በመስኮቱ አየሁ፤ ዛፉ ገና አረንጓዴ ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመት ወጉን አንዴ እንኳን አላፈረሰችም። አሁን በአንሶላ ተታልላ ልታፈርስ?

"ኮኮም... ገና ነው። በረዶ አልወረደም።"

ትክ ብላ አየችኝ። "ደግ አደረግሽ፣ ልጄ" ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ደግ አደረግኩ? ወይስ እንደኔ ያለ ጅል የለም?

ቅዳሜ፣ መስከረም 9

አያቴ አረፈች። ጠዋት፣ እጇ እጄ ውስጥ እያለ።

ረቡዕ፣ መስከረም 13

አራት ቀን እሳቱ ሳይጠፋ ነደደ። ነፍሷ መንገዷን እስክትጨርስ መጥፋት የለበትም። አጎቴ ክላረንስ ነው የጠበቀው፤ ሌላ ሰው እንዲተካው አልፈቀደም። ለመንገዷ ሩዝና ዓሣ አቀረብንላት። ጨው አደረግኩበት። ትምባሆዬንም እጇ ውስጥ እንዳለ አብረን ቀበርነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 8

ስልኬ ላይ ድምፅዋን ስፈልግ አንዲት መልእክት አገኘሁ። "ዱቄት ግዢልኝ... አይ፣ ተይው።" ያ ብቻ ነው የቀረኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 27

ሲነጋ ነጭ ሆኗል። ከትምህርት ቤት መልስ ጆሊን አራት ልጆች አስከትላ መጣች። "አክስቴ፣ አሁን ይቻላል" አለች። አልችልም ማለት ነበረብኝ... የማውቀውን ልንገራቸው ብዬ ጀመርኩ።

መሃል ላይ አጎቴ ክላረንስ ማገዶ ይዞ ገባ። ማገዶውን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስቀመጠና ልጆቹ መካከል፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ የድንኳኑን በር ገለጠች። እኔም አቆምኩ።

"ከዚያስ?" አሉ ልጆቹ።

"አላውቅም።"

እያጉረመረሙ በረዶ ሊጫወቱ ወጡ። አጎቴ አልተነሳም።

"ከዚያስ?" አለ።

"አጎቴ፣ ስንቴ ሰምተኸው የለም እንዴ? እናትህ እኮ ናት።"

"መቼ?" አለኝ። "ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ የመንግሥት መኪና በመስከረም መጥቶ ይወስደናል፣ በሰኔ ይመልሰናል። ዘጠኝ ዓመት አዳሪ ትምህርት ቤት። በነዚያ ዓመታት በረዶ ሲወርድ ቤቴ ሆኜ አላውቅም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን አላስታውስም። በሰኔ ደግሞ እሷ አትናገርም። ስለቀቅ ጎረምሳ ሆኛለሁ፣ ንገሪኝ ማለት አፈርኩ። ሃምሳ ዓመት አፈርኩ።"

ላስለቅሰው አልፈለግኩም፤ እኔው አለቀስኩ። መጨረሻውን ልስጥህ ብዬ ከየት ላምጣ? በራሴ አፍ ነው የዘጋሁት።

"መጨረሻው የለኝም፣ አጎቴ" አልኩት።

"ሰማሁ" አለ። "መጀመሪያውን ግን አልደረስኩበትም፣ ማገዶ ስፈልጥ አመለጠኝ። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

እግሩን አጣጥፎ ጠበቀኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።