ቀለሟን የለቀቀችው ሶሪት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ታጁ፤

እንደምን ሰንብተዋል አባባ? ጉልበትዎስ? ዝናብ ሲበረታ የሚነሳብዎ ሳል ተወዎት ወይ? እማማስ ዓይኗን ተሻላት? ጫካ የሰቀሏቸው ቀፎዎች ንብ ገባባቸው? እኔ አልሃምዱሊላህ ሰውነቴ ደህና ነው። ሌላውም ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

«አዚዛ ቋሚ ሠራተኛ ሆነች ወይ?» ብለው በወንድሜ በኑሪ እጅ ያስጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። አልሆንኩም አባባ። እንዲያውም ከክር ፋብሪካው ከተባረርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት በምን አፌ እንደምነግርዎ ጠፍቶኝ ነው።

«ያችን የአገርሽን ወፍ አምጪልኝና ቋሚ አደርግሻለሁ» ያለኝ የክፍላችን ኃላፊ ቀናው ነው። ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አንቱታውን አንስቼበታለሁ። እርስዎ በሾላ ሙጫ የያዟትን ሶሪት ኑሪ በዶሮ ቅርጫት አቃቂ ያደረሳት ዕለት፣ አረንጓዴ ክንፏን ዘርግታ ከውስጥ ያን ቀይ ስታሳይ ቀናው አጨበጨበ። ሳሪስ ያለው ቤቱ በረንዳ ላይ ሰቀላት። ፍሬ እንጂ እህል አትበላም ብዬ ለምኜው ነበር፤ ስንዴ በተኑላት። ከሥራ ስወጣ ፓፓያና ሙዝ ይዤ እየሄድኩ አበላት ጀመር። ሚስቱ ደግሞ በረንዳዬን አቆሸሸችው ብላ ፊቷን አጠቆረችብኝ።

በሁለተኛው እሁድ ይህችው ሴትዮ ሶሪቷን ሳፋ ውስጥ ነክራ በዱቄት ሳሙና አጠበቻት። ውሃው ቀላ። ኑሪ ሕፃን ሳለ የወደቀ የሶሪት ላባ እማማ ልብስ በምታጥብበት ውሃ ነክሮ፣ ውሃው ሲቀላበት ደም መስሎት ያለቀሰውን ያስታውሳሉ? ያው ነው። የሶሪት ቀይ ሳሙና አይችልም፤ አላህ እንዲያ አድርጎ ነው የፈጠራት። ግን ማን ይመነኝ? የምሠራው ማቅለሚያ ክፍል ነዋ! ሰኞ ጠዋት ቀናው በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቆመኝና፣ ከፋብሪካው ቀለም ሰርቃ ተራ ወፍ ቀብታ አታለለችኝ አለ። ስለ ላባው ብናገር ሳቁብኝ። አብራኝ የምትሠራው ጠጄ ብቻ እጇን ወደ ላይ አንስታ፣ የእኛ ቀለም እኮ በሳሙና አይለቅም፣ ይኸው እጃችንን እዩት አለቻቸው። እጇን ያየ የለም። ማክሰኞ የስንብት ወረቀት ሰጡኝ።

ሶሪቷማ ያን እሁድ አላለፈችም። እንደራሰች በረንዳ ላይ ትተዋት ብርድ ገደላት።

አባባ፣ ከወሎ ለሰፈራ ወደዚያ ጫካ የወሰዱን ጊዜ፣ ራሽን ያለቀብን ክረምት፣ ሶሪቶቹ የሚበሉትን ፍሬ እያየን ለቅመን ነው የተረፍነው። ያኔ ትንሽ ብሆንም አፌ ውስጥ የነበረው ጣዕም አልጠፋኝም። ከቤቴ ማንም ሶሪት እንዳይነካ ብለው የማሉት እርስዎ ነዎት። ለእኔ ሲሉ መሐላዎን አፈረሱ። እኔም እምቢ ማለት ስችል፣ ላኩልኝ ብዬ ጻፍኩ። ሥራው ይቅር። መሐላዎ ለአንድ ሰው በረንዳ ማሳመሪያ መፍረሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፈርኩ።

ለጊዜው ጠጄ ቤት ተጠግቼ ልብስ እያጠብኩ ነው። ሳሙና በነካሁ ቁጥር ሶሪቷ ትዝ ትለኛለች።

እማማን ጉልበቷን እስማለሁ ይበሉልኝ፤ ዓይኗ እስኪሻላት ይህን ባትሰማ ይሻላል። ኑሪን ያን ሁሉ መንገድ ቅርጫት ታቅፎ መምጣቱን አልረሳሁም ይበሉት፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ትንሿ እህቴ ሰልዋ ቀይ ላባ ላኪልኝ ብላኝ ነበር፤ የለም ይበሏት፣ ነጥቷል። ለጎረቤታችን ለአቶ ኩምሳና ለቤተሰባቸው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

በየማለዳው ሾላው ላይ እየመጣች ትጣራለች ብለው ለጻፉልኝ ለሶሪቷ ጓደኛ ግን ሰላምታ አልላክሁም። ምን ይሏታል?

ልጅዎ አዚዛ ታጁ
አቃቂ፣ ኅዳር 9 ቀን 1994 ዓ.ም.