በጀልባው ፊልም ላይ የጨመርነው

ታሽከንት፣ ማክሰኞ ጠዋት

ውድ ኤርጋሽ አካ፣

አካ ብዬ አክብሬ ጠርቼህ ወዲያው አንተ ብዬ መጻፌ ካስቆጣህ ወረቀቱን እዚህ ላይ ማጠፍ ትችላለህ። ፊልም በድምፅ እየተረጎምን አብረን በሠራንባቸው አራት ዓመታት ከእርስዎ ወርጄ አላውቅም፤ አንተም እንደዚሁ። አንተና አንቺ የተባባልነው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም በሰው አፍ። ዛሬ የምጽፍልህ ስለዚያ ቀን ስለሆነ እርስዎ ብዬ ለመጀመር ሞክሬ እጄ እንቢ አለኝ።

በመጪው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጀልባው ፊልም እዚህ ይታያል። አዎ፣ ያው የማዳጋስካሩ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ከአንተ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ያን ቀን በማይክሮፎኑ ያልከው ሁሉ ለአዳራሹ ነበር ወይስ ለእኔ? ሰባ ዓመት ሊሞላኝ አንድ ወር ቀርቶኛልና ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ይቅርብኝ።

አስቀድሜ ግን ይቅርታ። ባለቤትህ ማረፏን ሰምቼ አሁን የምትኖርባት ሳማርካንድ በባቡር ሁለት ሰዓት መንገድ ሆና ሳለ ለለቅሶ አልመጣሁም። ምን ብዬ እንደምገባ አላወቅሁም። የእኔም ባለቤት ሶቢር ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ደግ ሰው ነበር፣ የጥርስ ሐኪም፤ ፊልም ሲጀመር እንቅልፍ ይወስደውና ሲያልቅ ነቅቶ "ጥሩ ነበር" ይለኝ ነበር። እሱን አላማውም፤ በደንብ ነው የኖርነው። ይህ ደብዳቤ ከእሱ በፊት የነበረ ጉዳይ ነው።

ለሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጋዜጣ ላይ ሰው ምን ፊልም ቢያይ እንደሚሻል የሚናገር አምድ ስጽፍ ቆይቻለሁ። አላየሁትም ብትል አላምንህም። ባለፈው ሰሞን አዘጋጁ ደውሎ "እንግዲህ ሊሰናበቱን ነው፤ አሥር ፊልም ይምረጡልን። ግማሹ ሁሉም የሚያውቀው፣ ግማሹ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ይሁን" አለኝ። መረጥኩ። ከታወቁት ውስጥ ያን የድልድይ ጠባቂዋን ጥቁርና ነጭ ፊልም አስገባሁ፤ ወንዙ እየሞላ ቁልፉን ለማን እንደምትሰጥ እስከ መጨረሻው የማይታወቀውን። እሱን ቁጭ ብለህ እንጂ ተጋድመህ እንዳታየው። ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን የህንድ ፊልምም አልተውኩትም። ሻይ ሻጯ ባቡር ጣቢያው ላይ ስትዘፍን አንተ መተርጎሙን ትተህ አብረሃት አዚመህ፣ አለቃችን ራይሳ ፔትሮቭና "ጓድ ኤርጋሽ፣ ሕዝቡ የመጣው የእርስዎን ድምፅ ሊሰማ አይደለም" ያለችህ ፊልም ነው።

ከተረሱት ደግሞ የቱርክመኑን የጉድጓድ ቆፋሪ ፊልም መረጥኩ። አርባ ደቂቃ፣ ስድስት ዓረፍተ ነገር። "ይህማ ለአስተርጓሚ የዓመት በዓል ነው" ብለህ ብርቱካን ልጠህ ያበላኸኝ በእሱ ላይ ነው። የጆርጂያውን የፀጉር አስተካካይ ፊልምም ፈልገህ እይ፤ የሙሽራውን ጢም ግማሹን ላጭቶ ግማሹ ላይ ከአማትየው ጋር ሲጣላ ካልሳቅህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ያንን ፊልም ከእኔ በቀር የሚያነሣው ሰው አላጋጠመኝም፣ ለምን እንደሆነም አልገባኝም።

አንደኛ ላይ ያስቀመጥኩት ግን የጀልባውን ፊልም ነው። "ከፍቅር ፊልሞች ሁሉ እውነተኛው፤ ሰው ሁሉ ሊያየው ሲገባ ማንም ያላየው" ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ስል የመጀመሪያዬም አይደለም። በአምዴ ላይ ስንት ጊዜ እንዳነሣሁት ብታውቅ ታፍርልኛለህ።

አሁን ያን ቀን በእኔ በኩል ምን ይመስል እንደነበር ልንገርህ፤ ይህን አታውቅምና። የግንቦት ዓርብ ነበር፣ ከዛፎቹ የሚበንነው ጥጥ መሳይ ነገር በመስኮት እየገባ ጉሮሯችን ላይ ይሰነቀራል። የፊልም ፌስቲቫሉ ከተጀመረ አምስተኛ ቀኑ ነው። ፊልሙ በፈረንሳይኛ ነው ስለተባለ አንተ ለወንዶቹ፣ እኔ አንተ ሹክ እያልከኝ ለሴቶቹ ድምፅ ተመደብን። የንግግሩ ወረቀት አልደረሰም ነበር፤ ግድ የለም አልን፣ ፈረንሳይኛ ለአንተ ውኃ ነው። ሳጥን ብለን በምንጠራት በዚያች ጠባብ የአስተርጓሚዎች ክፍል ገብተን ተቀመጥን። መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከጀልባ ወርደው ማውራት ጀመሩ፤ የሚያወሩት ፈረንሳይኛ አልነበረም።

ወደ እኔ ዞርክ። የሳጥኑ በር ተከፈተና ራይሳ ፔትሮቭና አንገቷን አስገባች።

"ምን ሆናችኋል? ለምን ዝም አላችሁ?"

"ቋንቋውን አናውቀውም" አልካት።

"ስምንት መቶ ሰው ተቀምጧል። የፊልሙ ዳይሬክተር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ከበላይ የመጣው ሰውዬ አጠገቡ ነው። ዛሬ ዝም ካላችሁ ነገ ሦስታችንም ሥራ የለንም።"

"ታዲያ የማናውቀውን ምን ብለን እንተርጉም?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ድምፅ ይውጣ" ብላ በሩን ዘጋችብን።

ሰውዬው አፉን ከፈተ፣ አንተም ከፈትክ። "ደክሞኛል" አልክ። ሴቲቱ መለሰችለት፣ እኔም "አንተን የማይደክምህ መቼ ነው?" አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማቆም የሚባል ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ስለ ዓሣና ስለ ዝናብ አወራን። በየደቂቃው በሩ የሚከፈት፣ አንድ ሰው ገብቶ "ይህን ማን በሉ አላችሁ?" የሚለን ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሴቲቱ መረብ ስትጠግን ሰውዬው አጠገቧ ተቀምጦ ረጅም ነገር መናገር ጀመረ። አንተም "ሰኞ እሄዳለሁ። አራት ዓመት አጠገብሽ ተቀምጬ አንድ ቀን እንኳ ደፍሬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ" አልክ። ሰኞ ወደ ሞስኮ ራዲዮ እንደምትዛወር መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። አራት ዓመት ደግሞ የእኛ ቁጥር እንጂ የዓሣ አጥማጆቹ አልነበረም። ዞሬ ላይህ ፈለግሁ፣ አልቻልኩም፤ ሴቲቱ ድንገት ከተናገረች እንዳታመልጠኝ ዓይኔን ከስክሪኑ መንቀል አልችልም ነበር።

ከዚያ የበሩ ቦታ ደረሰ። ሰውዬው ጨርቁን ቋጥሮ በሩ ላይ ቆሟል፣ ሴቲቱ ዓሣ ትከትፋለች። አንድ ነገር ጠየቃት። አንተም "አብረሽኝ ትሄጃለሽ? እሺ ካልሽኝ ሌላ ምንም አልፈልግም" አልክ። ሴቲቱ ቢላዋውን አስቀመጠች። እኔ እሺ የሚለውን ቃል ምላሴ ላይ ይዤ አፏ እስኪከፈት ጠበቅሁ። በልጆቼ እምላለሁ፣ ቃሉ እዚያ ነበር። ሴቲቱ ግን ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

ምን ላድርግ? ስምንት መቶ ሰው ያያታል። ራሷን እየወዘወዘች እሺ ብትል ያ ሁሉ ፈጠራችን ይታወቃል፤ አንተም ሞስኮን አታያትም፣ ራይሳም ጡረታዋን። "አይሆንም፣ አልሄድም" አልኩ። ከሥዕሉ ጋር ልክ ገጠመ።

መብራት ሲበራ ሴቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። አንተ ማዳመጫህን አውልቀህ ቆብህን ደፋህና "አመሰግናለሁ ሙቃዳስ፣ በጣም ጥሩ ሠሩ" አልከኝ። እንደገና እርስዎ ሆንኩ። ወጥተህ ሄድክ። ሥዕል በሌለበት ቦታ ደግመህ እንድትጠይቀኝ ቅዳሜን፣ እሑድን፣ ሰኞን ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ጠበቅሁ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ኒጎራ ቤቴ መጣች። የፊልም ክበቡን የምትመራው ልጅ ናት፤ ጎበዝ፣ ችኩል፣ ሻይዋን ሳትጨርስ የምትነሣ፣ እንደ ታላቅ እህቷ ኦፓ የምትለኝ። "ኦፓ፣ አምድዎን ካነበብኩ ጀምሮ ስፈልገው ነበር፤ አገኘሁት። ትርጉሙ ከሥር ተጽፎበታል። ቅዳሜ እናሳየዋለን፣ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ" አለችና ኮምፒውተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተች። ገና ከመጀመሩ ቅንድቧን ሰበሰበች።

"ኦፓ፣ የፍቅር ፊልም ነው ብለው አልነበር?"

"ነው እንጂ።"

"እህትና ወንድም እኮ ናቸው።"

"የት ነው እሱ የተጻፈው?"

"ይኸው። 'ወንድሜ' ትለዋለች።"

"ቀጥዪ" አልኳት።

ቀጠለች። ወንድምየው የአባታቸውን ጀልባ ሸጦ ከተማ መግባት ይፈልጋል፣ እህትየው እንቢ ትላለች፤ ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ይኸው ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። "ጀልባውን እንሽጠው?" ይላታል። ቢላዋውን ታስቀምጣለች። ራሷን ትወዘውዛለች። "የአባቴን ጀልባ አልሸጥም።"

ሳቅ ያዘኝ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረና ኒጎራ ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ። "ኦፓ፣ ከፈለጉ ቅዳሜ ሌላ ፊልም አሳያለሁ። ተበላሸ እላለሁ፤ ማንም አያውቅም" አለች። እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ልላት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያነበበኝ ሰው ሁሉ እህትና ወንድምን ፍቅረኛሞች አድርጌ እንደሸጥኩለት ሲያይ ምን ይላል? አምዴን ትቼ በክብር ልወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ። ኒጎራ ግን ኮምፒውተሩን ልትዘጋ ስትል "የዳይሬክተሩ ቃለ መጠይቅም አለ፤ ስለ ታሽከንት ይናገራል" አለችኝ።

ሰውዬው አርጅቷል፣ የሣር ባርኔጣ አድርጎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ይላል፤ "ታሽከንት ላይ ሕዝቡ ሲያለቅስ ግራ ገባኝ። ለጀልባ የሚያለቅስ አገር አይቼ አላውቅም። ከአስተርጓሚዎቹ ክፍል የወጣውን ወጣት ኮሪደሩ ላይ ያዝኩትና በፈረንሳይኛ 'ምን ብላችሁ ነው ያስለቀሳችኋቸው?' አልኩት። እሱ መልሶ 'ሴትየዋ በሩ ላይ ምን ነበር ያለችው?' ብሎ ጠየቀኝ። 'ለወንድሟ ጀልባውን አልሸጥም ነው ያለችው' አልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። 'አብራኝ ለሠራችው ልጅ እንዳይነግሯት' አለኝ። 'ለምን?' ስለው 'የእርስዎ ሴት ስለ ጀልባ ነው የተናገረችው። እሷ ግን የራሷን ነው የመለሰችልኝ' አለኝ።"

ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። ኒጎራ አንገቷን ደፍታ ቂጣውን ትቆርስ ነበር።

የራሷን? ኤርጋሽ፣ ዓይን የለህም? ራሷን ስትወዘውዝ አላየህም? አራት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ ከሥዕሉ ውልፍት የምል ሴት አለመሆኔን ሳታውቅ ነው? አፍ ሲዘጋ የምዘጋ፣ አፍ ሲከፈት የምከፍት፣ ስትስቁብኝ "ሙቃዳስ ሰዓት ዋጠች" የምትሉኝ እኔ አይደለሁም? እህትና ወንድም መሆናቸውን እንኳ አውቀህ ዝም አልክ። አርባ ሦስት ዓመት ደብቀኸኝ፣ ሃያ ሁለቱን በጋዜጣ አገር ፊት ስቀባጥር ተውከኝ። ኮሪደሩ ላይ ሥዕል አልነበረም፤ ማንም ራሱን አልወዘወዘብህም። አሥር እርምጃ ተመልሰህ በሩን መክፈት ነበር።

በጣም ተናድጄብሃለሁ። በራሴም ተናድጃለሁ። ሦስት ቀን ነበረኝ፤ ትራሙ ከቤታችን ተነሥቶ እናንተ ሰፈር ካለው የእንጆሪ ዛፍ አጠገብ ያወርደኝ ነበር፣ አልተሳፈርኩም። ሴት ልጅ እንዴት ትጀምራለች አልኩ። ኩራት ነው ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት፤ ፍርሃት ነበር።

ስለዚህ መልሱን አግኝተሻል ትለኝ ይሆናል። አላገኘሁም። ከማዳጋስካር ሽማግሌ አፍ ሳይሆን ከአንተ አፍ መስማት ነው የምፈልገው።

ኒጎራን ፊልሙን እንዳትቀይር ነግሬያታለሁ። ቅዳሜ መጀመሪያ እውነተኛው ትርጉም ከሥር ተጽፎበት ይታያል። ከዚያ ተነሥቼ የመከርኳችሁ ፊልም ይህ አይደለም፣ የኔን እኔና አንድ ሰው ነን የፈጠርነው ብዬ ለሕዝቡ እናገራለሁ። ይሳቁብኝ። ከዚያ ጽሑፉ ይጠፋና ሁለተኛ ጊዜ ይታያል፤ እንደ ድሮው በድምፅ። ኒጎራ ሁለት ማይክሮፎን አዘጋጅታለች። ለወንዱ አንድ ተዋናይ ላምጣ አለችኝ፣ እንቢ አልኳት። እኔም የወንዱን ቃል አልናገርም። ካልመጣህ ሰውዬው አፉን እየከፈተ ዝም ይላል፣ አዳራሹም ዝምታውን ይሰማል።

የእኔን ግን እናገራለሁ። በሩ ላይ ስንደርስ ሴቲቱ ራሷን ትወዘውዛለች፣ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ያያታል፣ እኔም እሺ እላለሁ። ከሥዕሉ ጋር ባይገጥምም እሺ እላለሁ። አንተ ሳትጠይቀኝም ቢሆን።

ሙቃዳስ