የኪስ ካሜራዬና አባባ በዳማ ላይ

ጥር 13፣ ጠዋት 1፡30

ድንጋዮቹ አሁንም ብብቴ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም። የቆሰበር ብርድ የሰው ጣት ያደርቃል፣ የካሜራ ባትሪማ እንዴት ይቻለው። ትናንት መስኮት ላይ ትቻቸው አደርኩ፤ ጠዋት ስከፍታት ብልጭ ብላ ድርግም አለች። ብብት ውስጥ ትንሽ ከቆዩ ግን ነፍስ ይዘራሉ። ይኸው በራች።

ደብተሬ፣ ተዋወቃት። ዳንግላ ፎቶ ቤቱን ከዘጋ ሰው የገዛኋት ናት። ከሳሙና ብዙም አትበልጥም፤ ጃኬት ኪስ ገብታ ትረሳለች። ጥሩነቷ፦ ድንጋይዋ በየሱቁ አለ። መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የላትም። እንደ ስልክ መሃል ላይ አትጠራም። መጥፎነቷ ደግሞ፦ ዙም ሳደርግ የሰው ፊት ዱቄት የተነፋበት ይሆናል። ፀሐይ ላይ መስተዋቷ ምንም አያሳይም። ፎቶውን ለሰው ልላክ ብል አይሆንም።

ባሌ ሙሉቀን ይስቃል። የሱ ስልክ ሦስት ዓይን አለው፣ የኔዋ አንድ። አሮጊት ገዝተሽ መጣሽ ይለኛል። ይሳቅ። ስፌት ቤት ደንበኛ መጥቷል፣ ቀሚሱ ገና አልተዘመዘመም። ልሂድ።

ጥር 15፣ ማታ 1 ሰዓት

ለምን እንደገዛኋት አልነገርኩህም። ለአባቴ፣ ለአባባ ነው።

ዳሌያቸው ታሟል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ፈረስ ይቅርብዎ ብሏቸዋል። ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ፣ አንዴ ከወደቁ አይነሱም አለኝ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ለመናቸው። እሺም እምቢም የለም። ባለፈው እሑድ እኔን ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦

«ሁላችሁም ፈረስ ላይ አይታችሁኛል። እኔ ግን ራሴን አይቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ልየውና እወርዳለሁ።»

ዕድሜ ልካቸውን የጋለቡ ሰው፣ ያላቸው ፎቶ የመታወቂያ ጉርድ ብቻ ነው።

ዛሬ አባባ ሰፈር ሄድኩ። መንገዱ ዳር ቆሜ ጠበቅኳቸው። ለከሰል ከተተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን ጀርባ ብቅ አሉ፣ ፈረሳቸው ዳማ አንገቱን እየሰበቀ። ካሜራዬን አነሳሁ። አዩኝ። ልጓሙን ሳቡና ወረዱ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ከዳማ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆሙ። አይውረዱ እንጂ አባባ ብላቸው፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ኮርቻ ላይ ሆኜ ነው የማነጋግረው ወይ አሉ።

ይኸው ነው ጣጣው። እኛ ዘንድ ፈረሰኛ መንገድ ላይ ቆሞ ለሚጠብቀው ሰው ይወርዳል። ካልወረደ ናቀ ይባላል። አባባ ለሕፃንም ይወርዳሉ። ደግፌ መልሼ ኮርቻ ላይ አወጣኋቸው፤ ከሩቅ መጡ፤ ሲያዩኝ ወረዱ። እንደገና። በመጨረሻው እሳቸውም በራሳቸው እየሳቁ ወረዱ። ግን መልሶ መውጣቱ ያማቸዋል። ጥርሳቸውን ነክሰው ሲወጡ አየሁ።

ያገኘሁት ሁሉ ከፈረስ አጠገብ የቆመ ሽማግሌ ነው። መቆሙንማ ማን ያጣዋል።

ጥር 17፣ ምሳ ሰዓት

አዲስ ጉድ አገኘሁባት። ስጫናት ወዲያው አታነሳም። መጀመሪያ ታስባለች። አስፋልቱ ዳር ቆሜ በባጃጅ ሞከርኳት። የባጃጅ ቂጥ። ግማሽ ጎማ። ባዶ አስፋልት። የሰው አህያ። ባጃጅ እንዲህ ካመለጣት ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ጭራውም አይገኝ። ገንዘቤን አፈር አበላሁት።

10 ሰዓት

አገኘሁት! ቁልፏን ግማሽ ድረስ ተጭኖ መያዝ ነው። ያኔ ሐሳቧን አስቀድማ ትጨርሳለች። ከዚያ ባጃጁ ፊቴ ሳይደርስ ትንሽ ቀደም ብሎ መጫን። መጣ፤ ተጫንኩ፤ ባጃጅ ሙሉ! ከነሹፌሩ፣ ከነጥርሱ። ምን ሆነሻል ብሎ ቆመ፤ አሳየሁት፤ ሌላ ድገሚኝ አለ። ስፌት ቤቱን ዘግቼ ለብቻዬ እስክስታ መታሁ።

ጥር 20፣ ከሰዓት

ተናድጃለሁ። ሙሉቀን ሳይነግረኝ አባባን በስልኩ ሊያነሳ ሄደ። ወረዱለት። ዓይኑ ሦስት ሆነ አንድ፣ እሳቸው ያዩት ቆሞ የሚጠብቅ አማች ነው። መልሰው ሲወጡ እግራቸው እርካቡ ላይ ከዳቸው። ሙሉቀን ባይደግፋቸው ወድቀው ነበር።

ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል። ይቅርታ ጠየቀኝ። ልጮህበት ተዘጋጅቼ ነበር፣ አልቻልኩም። ከዚያ እሱው ራሱ ተናገረው፦ ጥፋቱ የካሜራው አይደለም፣ ከፊታቸው የምንገተረው እኛ ነን አለ።

እውነቱን ነው። የሚጠብቃቸው ሰው መታየት የለበትም።

ከምሽቱ 12 ሰዓት

ከአባባ ጋር ተነጋገርኩ። በስውር ማንሳት አልፈልግም፤ ሁሉን ነገርኳቸው። ጥር 23፣ ፈረሰኞቹ በየዓመቱ ለበዓላቸው ሜዳ በሚወጡበት ቀን ሕዝቡ መሃል እሆናለሁ፣ የት እንደሆነ ግን አልነግርዎትም አልኳቸው። አሰቡ። ካላየሁሽማ ለማን ብዬ እወርዳለሁ አሉ። ተስማማን።

ለዚህ ደግሞ የኔዋን የሚያክል የለም። መዳፌ ውስጥ ትጠፋለች። ትንሽ መሆኗ እንዲህ ያኮራኛል ብዬ መቼ አስቤ!

ጥር 23፣ ማታ 1 ሰዓት

ከፈረሰኞቹ በዓል አሁን ገባሁ።

ሜዳው በሰው ጢም ብሏል። አቧራ። ስልክ ያለው ሁሉ ክንዱን ሽቅብ ዘርግቷል፤ ከኋላ የቆመ የሚያየው እጅ ብቻ ነው። እኔ ከፊት መሬት ላይ ከተቀመጡት ሴቶች መሃል ገብቻለሁ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ። ፀሐይ ፊት ለፊቴ። መስተዋቷ ጭልም። ምንም አይታየኝም። የሚያልፉበትን ሣር በግምት አነጣጥሬ ግማሽ ተጫንኩና ያዝኩ። ጣቴ ደነዘዘ።

ኮቴ። መሬቱ ከሥሬ ይርገበገባል። አባባ ከእኩዮቻቸው ቀድመው መጡ። ሽምጥ። ዘንጋቸው ሽቅብ፣ ጋቢያቸው ከኋላ። ያ ዳሌው የታመመ ሰውዬ የት እንደሄደ እንጃ። ሳይደርሱ ተጫንኩ። አሰበች። አለፉ።

አንድ ብቻ። ለሁለተኛው ስጫን ድንጋዩ አለቀ።

ጫፍ ደርሰው ዳማን ሲያዞሩ ሕዝቡን በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር። አላገኙኝም። ሙሉቀን አግዟቸው ወረዱ። እኔ ፎቶዋን ገና አላየኋትም። ፈርቻለሁ። ባዶ ሣር ቢሆንስ? ሐኪሙ ያለው ቃል አለ። የሚቀጥለውን ዓመት ማን ይሰጠናል?

2 ሰዓት

ሙሉቀን ከሱቅ አዲስ ድንጋይ አመጣ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሱ ከፈታት። አስጠግቶ አያትና፣ አሮጊቷ ጉድ ሠርታለች አለ።

አሉ! ሙሉ አሉ፣ ከዘንጋቸው እስከ እርካባቸው!

ጥር 26፣ ዳንግላ፣ ሚኒባስ ውስጥ

እየተንገጫገጨ ነው የምጽፈው፣ ታገሠኝ። ፎቶዋን አሳጠብኳት። በትልቁ። አጣቢው ጠማማ ናት፣ ላቃናልሽ ወይ አለ። ተዋት አልኩ። አዎ፣ ሜዳው ዘንበል ብሏል። ጥግ ላይ የማላውቃት ሴት ጃንጥላ ገብቷል። የጋቢው ጫፍ ደብዝዟል። ግን የዳማ አራት እግር አንዱም መሬት አልነካም። አባባ አፋቸውን ከፍተዋል፤ እየሳቁ ይሁን እየፎከሩ አይታወቅም። ተጠቅልላ ጭኔ ላይ ናት። አጠገቤ ያለው ሰው በድንች ጆንያው እንዳይደፈጥጣት በክርኔ እየተከላከልኩ ነው።

ጥር 27

ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አዩ። አራቁ፣ አቀረቡ። በጣም ቆዩ። ወንድሜ አስማረም ከግምጃ ቤት ከተማ መጥቶ ነበር። መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ዳማ ነው፤ እንዲህ አድርጎ ነው ወይ የሚወረውረኝ አሉ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው የራሳቸውን ፊት ነኩ።

«ይኼ ሰውዬ ጋላቢ ነው» አሉ።

ተነስተው ወጡ። ዳማን ፈቱት። ጆሮው ሥር በአዊኛ ብዙ አወሩት፤ አልሰማሁም፣ ለእኔም አይደለም። ልጓሙን ለአስማረ ሰጡት። ማንም ሳይለምናቸው። አስማረ አለቀሰ፣ እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው ተቆጡን። የሞተ ሰው አለ ወይ አሉ።

የለም አባባ። ማንም አልሞተም። በሕይወት አሉ፣ በሁለት እግርዎ መሬት ላይ!

የካቲት 3፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ፎቶዋ የአባባ ግድግዳ ላይ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አይቷታል። እዚህ አድሬ ዛሬ ቁርስ ሳልጨርስ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ጋሽ ፈንታሁን ናቸው፣ የአባባ እኩያ፣ ከሁለት ሽማግሌ ጓደኞቻቸው ጋር። ፈረሶቹ ታጥበዋል። ኮርቻዎቹ የበዓል ናቸው። እኛንም አንሺን ማለታቸው ነው።

በር ላይ ቆሜ ልቀበላቸው ስል ሦስቱም እግራቸውን ከእርካብ አወጡ። ሊወርዱልኝ ነው። ያኔ አባባ ከኋላዬ በምርኩዛቸው ወጡና አለፉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሁሉ የወረዱት አባባ ከሦስት ፈረሰኛ ሥር በእግራቸው ቆመው፣

«እንዳትወርዱ» አሉ። «ለእኔም ቢሆን እንዳትወርዱ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱም አልወረደም። አባባ አሁን ምርኩዛቸውን እየቀሰሩ ከየት ተነስተው የት እንደሚያልፉ ያሳዩአቸዋል። እኔን ደግሞ ከቁጥቋጦው ጀርባ ተቀመጪ ብለውኛል። ጣቴ ቁልፏ ላይ ነው፣ እየመጡ ነው፣ ደብተሬ ቆየኝ