ቤት ለሌላት የመጣ እንግዳ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለጋሼ ሩዝመት፤

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህን እንዴት አደረገህ? እዚያ ሩሲያ የሳማራ ብርድ ገብቷል አሉ፤ እማዬ የላከችልህን የሱፍ ካልሲ ለጓደኞችህ አድለህ አትጨርሰው፣ አንተም አድርገው። አብረውህ የሚሠሩት ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እቤት ሁሉም ደህና ነው። እማዬ እንደ ወጋችን ከቤት ስንወጣ ለመመለሻችን ገምጠን የተውናቸውን ዳቦዎች አሁንም ከግድግዳው አላወረደቻቸውም፤ ወደ ቤታቸው ተመልሰው እስኪጨርሱት ማን ይነካዋል ትላለች። ያንተ ጥርስ ሰፊ ስለሆነ አይምታቱባትም።

እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ከጤና ውጪ ያለውን ግን እንዳለ ልንገርህ። በስልክ ያልነገርኩህ ድምፁን ከፍ አድርገህ ለክፍሉ ሁሉ ስለምታሰማ ነው። ይህን ነገ ወደ እናንተ ለሚበር የመንደራችን ልጅ እሰጠዋለሁ።

ልመናዬን ላስቀድም። አባባ በዚህ ሰሞን ደውለው «እህትህን ላምጣት ወይስ ትቆይ?» ይሉሃል። ያለ አንተ ቃል አይወስኑም፤ «ትቆይ» በላቸው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያሉትን አንተም ሰምተሃል፤ «ልጄ ጣሪያ አጥታ በሰው ጥግ ያደረች ዕለት ትምህርቱ በቃ» ነው ያሉት። እኔ ደግሞ ጣሪያውን ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

መስኮቷ ሥር ሮማን ያላት ክፍል ብዬ ለእማዬ የጻፍኩላት እውነት ነበረች። በመስከረም አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ሆነና አብረን የተከራየነውን ሦስታችንንም ተማሪዎች አስወጡን። ሁለቱ ዘመድ ጋ ገቡ። የተማሪ ማደሪያው ሞልቷል፤ ሌላው ቤት ሁሉ የብዙ ወር ኪራይ አስቀድመሽ ክፈይ ይላል። ማታ የምሠራበት ስፌት ቤት ባለቤት ፋዚላት አዘነችልኝና፣ ደንበኛ ሳይመጣ ዕቃዬን እንዳነሳ አስጠንቅቃ ቁልፉን ሰጠችኝ። ልብስ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ እተኛለሁ። ጠዋት ፊቴን ዩኒቨርሲቲ ሄጄ እታጠባለሁ፣ ምሳዬ ሻይና ዳቦ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ከፊት ነው የምቀመጠው፤ ይህን እወቅልኝ።

እማዬ ታዲያ ስለ ሮማኗ ለመንደሩ ሁሉ ስታወራ ከርማለች። አክስታችን ቢካጃን ለዓይናቸው ሕክምና ሲነሱ፣ «የወንድሜ ልጅ ቤት እያላት ለሆቴል ልገብር?» ብለው ባቡር ውስጥ ከገቡ በኋላ ደወሉልኝ። እንግዳ አትምጣ ይባላል? ልቀበላቸው ሄድኩ።

ጣቢያው ላይ በመሐረብ የታሰረ ዳቦ ተሸክመው ወረዱ። ያችን የጎደለች የፊት ጥርሳቸውን ሳይሸፍኑ እየሳቁ፣ «እንዴት ከስተሻል አንቺ! ያ ሮማን አያፈራም እንዴ?» አሉኝ። አውቶቡስ ላይ ምን እንደምላቸው እስካስብ ሆን ብዬ መውረጃችንን አሳለፍኩት። በመጨረሻ ክፍሌ ቀለም እየተቀባ ነው ብዬ ስፌት ቤቱ ወሰድኳቸው።

ገብተው ዙሪያውን ቃኙ። መጽሐፎቼን ጠረጴዛው ሥር፣ የጥርስ ብሩሼን የአዝራር ብርጭቆ ውስጥ አዩ። ከዚያ ልብስ የሚለካባቸውን አሻንጉሊቶች እያዩ፣ «ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ቤተሰብ አንድም ራስ የለው?» አሉ። ሳቅኩ፤ ሳቄ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ። እሳቸው ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ መሬት ላይ አደርን።

ዛሬ ሐኪሙ ጠብታና መነጽር ሰጣቸው። ባቡሩ ላይ ሳሳፍራቸው እጃቸውን ይዤ «አክስቴ፣ ለአባባ እባክዎ...» ብዬ ስጀምር አላስጨረሱኝም። «ወንድሜ ከጠየቀኝ ያየሁትን ነው የምነግረው። ዓይኔን የታከምኩት ለምን ሆነና!» ብለው ገቡ። እስካሁን ያለውን የጻፍኩልህ ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እፈራለሁ ወንድሜ። ወደ መጣሁበት ባዶ እጄን መመለስ እፈራለሁ።

የቀረውን ከስፌት ቤቱ ልጨምርልህ። ስመለስ ሜትር የሚሰቀልበት ምስማር ላይ የአክስቴ መሐረብ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ጠዋት መሐረቤን ረሳሁ ብለው ከበር የተመለሱት ለካ ለዚህ ኖሯል። ፈታሁት፤ ዳቦ ነው። ዳሩ ላይ አንዴ ተገምጧል፣ የጎደለችው ጥርስ ቦታ ሳይነከስ ቀርቷል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ፋዚላት ሜትሯን ፈልጋ መጣችና ዳቦውን አይታ፣ «ተይው፣ ለሜትሩ ሌላ ምስማር እመታለሁ» ብላ ሄደች።

አባባ መደወላቸው አይቀርም፤ አንተም ቃልህን አትንፈገኝ። አብሮህ ለሚኖረው ለኦታናዛር ሰላም በልልኝ፣ ሳሉ ተሻለው ወይ? ለቃዳምና ምግብ ለሚሠሩላችሁ ሽማግሌም ሰላምታዬን አድርስልኝ። እቤት ስትደውል እማዬን ሳምልኝ። አክስቴ ቢካጃንን በስልክ ካገኘሃቸው፣ ዳቦዎ ደህና ነው በላቸው።

ታናሽ እህትህ ኢንቲዞር

ታሽከንት፣ ከቤቴ
ኖቬምበር 14 ቀን 2022