ከሪምን እንዴት እንደገደልነው

ደባርቅ፣ ኅዳር መባቻ

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ የባሕር ዳርን ሙቀት ለመዱት? እኛ ጋ ብርዱ ገብቷል። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ በበራችን ስንጥቅ እንደ ባለ ርስት ሳያንኳኳ ይገባል። እናታችን ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ። «ደህና» የምትባለው ቃል ደብዳቤ ላይ ምን ያህል እንደምትሸከም ታውቂያለሽና አብዝቼ አልጭንባትም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ቤት ስትደውዪ እሷ አጠገቤ ስለምትሆን ነው። ከትምህርት ቤት ስደውልልሽ ደግሞ አታነሺም። ስለዚህ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ልኬልሻለሁ።

ወንድማችን ሙሌ ሱዳን ማረፉን ጓደኛው መጥቶ ያረዳኝ ዕለት፣ «እኔ ሳልደርስ ለእናቴ እንዳይነገራት፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት» ብለሽኝ ነበር። ልክ ነሽ፤ አዝለሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። ሽማግሌዎቹም መርዶው አንቺ እስክትመጪ ይቆይ ብለው ተስማሙ። የንስሐ አባታችን አባ ሀብተ ሚካኤል ግን፣ እንዲህ ያለ ነገር ድንገት ቢወርድባት ልቧ አይችለውምና እስከዚያው ቀስ እያልን እናለማምዳት አሉ። በምን ቢሏቸው፣ በድራማው።

ማታ ማታ ጎረቤቱ እኛ ቤት ተሰብስቦ የሚያየውን፣ ወደ አማርኛ የተመለሰውን የባሕር ማዶ ድራማ ታስታውሺ የለም? ክረምት ላይ ከሪም የሚባለው ልጅ ከገደል ወደቀ፤ የተገኘው ኮቱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞቷል አልሞተም የሚለው ክርክር፣ የቀበሌ ስብሰባ አግኝቶት የማያውቀውን ተሳትፎ አግኝቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ያመለጠንን ክፍል ራሳችን እንሠራዋለን። እውነቱን ለመናገር የእኛው ይሻላል።

የአባ ምክር ይህ ነበር፦ ሁላችንም ከሪም ሞቷል እንበል፤ እሷም የከሪምን ሞት ከተቀበለች የሌላውን ለመስማት ልቧ ይሰናዳል። ዕድሜዬን ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለ ዘዴ የትም አላነበብኩም። ግን የተሻለ ስላልነበረኝ ተስማማሁ።

ሳንቃ በር ላይ የፓርክ ጠባቂ ስካውት ሆኖ የኖረው አቶ አሻግሬ ቀድሞ ጀመረ። ገደል እንደሚያውቅ፣ ከእንዲያ ያለው ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ እንኳ ወድቆ እንደማይተርፍ አስረዳ።

«ጭላዳ ደራሲ የለውም» አለችው እናታችን።

በርበሬ ሻጯ የሺወርቅ፣ ክረምቱን ሙሉ ይመለሳል እያለች ስትምል የከረመችው፣ ዓይኗን እየጠረገች ሞቷል አለች። እናታችን ኮቱን አውልቆ ገደል የሚገባ ሰው የት አገር እንዳለ ጠየቀቻት። ደግሞስ በመክፈቻው ዘፈን ላይ ከሪም አሁንም ፈረስ ይጋልባል፤ የሞተ ሰው ማን ፈረስ ይሰጠዋል? አባም አልቀሩም። እሳቸው ከዓለማዊ ነገር ለመጠበቅ ብለው ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት፤ በየመሐሉ ግን «አሁን የምታለቅሰው ማናት?» ይላሉ። ሰው ሁሉ ሟች ነው፣ ከሪምም ሰው ነው ብለው አስተማሩን። እናታችን አሜን ብላ ስታበቃ፣ ሰው መሆኑንስ አምናለሁ፣ መሞቱን ግን የሚያሳየኝ አጣሁ አለች።

እኛ ስንገድለው እሷ ስታስነሳው ሰነበትን።

ባለፈው ማክሰኞ ከሪም መጣ። በሩን ገፍቶ ገባ፤ እናቱ እግሩ ላይ ወደቀች። እኛ ቤት እልል ያለ የለም። አሻግሬ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። የሺወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባ ምን ሆነ ቢሉ የሚመልስላቸው ጠፋ። እኔማ እናታችንን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ፤ ሙሌም እንዲሁ ይመጣል ብላ ተስፋዋ ሲቀጣጠል ታየኝ። እሷ ግን አንድ በአንድ ተመለከተቻቸውና «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለቻቸው፤ ድግስ ላለበት ሰው እንደሚባለው።

በማግስቱ ጧት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ምስር ስትለቅም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንቺን መጠበቁ ይብቃ፣ ልንገራት ብዬ ቆርጬ ነበር። ቀደመችኝ።

«የሺወርቅ ይመለሳል ትል ነበር። አሻግሬም። የመስቀል ማግስት ሁላችሁም ባንድ ቃል ገደላችሁት። ከሪም ባንድ ሌሊት ምን አደረጋችሁ?»

እፍኝ ምስር አንስቼ አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።

«የት ቀበሩት?» አለች፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ።

ገዳሪፍ አልኳት። ፍታት አግኝቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከእነሙሌ ጋር የሚሠራ የእኛው አገር ቄስ እንደፈታው ነገርኳት። ደግ አደረገ፣ እናቱን ይባርክለት አለች። አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች።

ታዲያ ካወቅሽ ለምን ስትከራከሪን ከረምሽ አልኳት።

«ዝም ካልኳችሁማ አምናለች ብላችሁ ልጄ ሳትመጣ ልትነግሩኝ ነው። እሷን እንደምትጠብቁ መች አጣሁት? እኔ ብቻዬን ካለቀስኩ፣ እሷ መጥታ ከማን ጋር ልታለቅስ ነው?»

እንዲህ ነው እታለሜ። ከሪምን በሕይወት ያቆየችው ላንቺ ስትል ነው። አሁን ደግሞ እሱ ራሱ መጥቶ ሥራዋን ጨረሰባት፤ የምትከራከርበት የላትም። ማታ ማታ ከእኛ ጋር ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ያንን ዝምታ ብዙ ቀን የምትችለው አልመሰለኝም።

መንገዱ ተዘግቷል ብለሽኛል። እውነትሽን ነው፣ ተዘግቶ ነበር። ሐሙስ ግን ከእናንተ ከተማ የተነሣ ሚኒባስ ቲማቲሙ እንኳ ሳይፈርጥ ገብቷል።

ዳባት ደርሰሽ አክስታችን ወለተ ማርያም ዘንድ እደሪ። ጎህ ሲቀድ ከአባና ከሽማግሌዎቹ ጋር አብረሽ ትገቢያለሽ። እናታችን እንዳልሰማ ሰው ሆና ትሰማችኋለች። ይህን ያለችው ራሷ ናት፤ ያን ያህል የደከሙ ጎረቤቶች ድካማቸው ከንቱ እንዳይቀር። ለገና ቀሚስ የምትገዢላት ከሆነም ጥቁር ይሁን ብላሻለች።

በመዘግየትሽ አልወቅስሽም። ያን ማታ ከሪም በሩን ገፍቶ ሲገባ፣ ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ሲያይ፣ እኔ ዞሬ ሙሌ ይገባ እንደሆን የእኛን በር አየሁ።

የደረስጌዋ ማርያም ከፊትሽ ትቅደም። ልጆችሽን ታሳድግልሽ፣ ጉልበትሽን ታጽናልሽ። ለደረሰም ላልደረሰም በሩ አይዘጋም።

ናፋቂሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ