«ገልጸዋል» እና «ትናገራለች»

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 17፣ 2016

ዛሬም ያው። ከማሽን ጋር ስነታረክ ዋልኩ። የመጋዘኑ ሄድሴት ጆሮዬ ላይ «መስመር አሥራ አራት» ይለኛል፣ ሄጄ መደርደሪያው ላይ ያለውን ቁጥር አነብለታለሁ፣ ስንት ካርቶን እንደማነሳ ይነግረኛል፣ ካነሳሁ በኋላ ደግሞ ቁጥሩን በአፌ አረጋግጥለታለሁ። «ሰቨን» እለዋለሁ። «ሴይ አጌን» ይለኛል። «ሰቨን!» «ሴይ አጌን»... አገር ሲሰማው የኖረ ድምፅ እኮ ነው! አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ዜና ሳነብ አንድም ቀን «ድገሚው» ተብዬ አላውቅም። እሺ፣ ሁለቴ ተብያለሁ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ዌሪቢ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ማሽን ያስደግመኛል።

ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ «ቤላ፣ ሪላክስ» አለኝ። ቤላ! አባቴ በለጥሻቸው ብሎ ነው ስም ያወጣልኝ። ማንን እንደበለጥኩ ግን እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

ቤት ስገባ ባሌ ልዑልሰገድ ከሥራ ቀድሞኝ ገብቶ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። «ዜናውን አየሽው?» አለኝ። የለንደኑ ሬዲዮ ጣቢያ በአማርኛ ሊጀምር ነው። በኦሮምኛና በትግርኛም። መንግሥታቸው ገንዘብ መድቦላቸው ሌላም ብዙ ቋንቋ ይከፍታሉ። ጋዜጠኛ ይቀጥራሉ።

«እና?» አልኩት።

«ምን እና አለው? አንቺን ነዋ!»

ሳቅሁበት። ሳህን ሳጥብ ግን አንዱን ሳህን ሁለቴ አጠብኩት። አራት ዓመት ሙሉ «ተወው፣ አለቀ» ስለው የከረምኩት ጋዜጠኝነት... አላለቀም ማለት ነው?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 19

ሬዲዮ ቀን። የኮሚኒቲ ጣቢያው ለአማርኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው የሚሰጠን። ፕሮግራሙን የመሠረቱት ጋሼ ጌታቸው ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል፣ ክራባት ሳያስሩ ማይክ ፊት አይቀመጡም። ማን እንዲያይዎት ነው ስላቸው «ድምፅ ይታያል» ይሉኛል። የፕሮግራሙ መዝጊያ መቼም አትቀየርም፦ «ዝግጅቱን የመሩት አቶ ጌታቸው ሲሆኑ፣ ዜናውን ያነበበችላችሁ በለጥሻቸው ናት።» ራሳቸውን አንቱ ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ሳቄን በግድ ነው የምውጠው።

ስለ ለንደኑ ነገርኳቸው። «የራሳቸው ጋዜጣ ማተሚያውን ዘግቶ ኢንተርኔት ውስጥ እየገባ፣ ለኛ ሬዲዮ ይከፍታሉ? ምን አስበው ነው?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ገመዱን እየጠቀለሉ፣ «አመልክቺ። አንቺ ካልገባሽ ማን ሊገባ ነው?»

ደስ አለኝ። ከሳቸው እንዲህ ያለ ቃል በዓመት አንዴም አይወጣም።

እሁድ፣ ዲሴምበር 4

ማመልከቻውን ላክሁት። ከላክሁ በኋላ አንድ የፊደል ግድፈት አየሁ። ምነው ባላየሁት!

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 11፣ 2017

ከለንደን ኢሜይል መጣ። ፈተና አለ! ስለምኖርበት ሰፈር አጭር ዜና መጻፍ፤ አንድ ባለሥልጣን ወይም ኃላፊ፣ አንድ ተራ ሰው ይኑርበት ይላል።

ርዕሱን ወዲያው አገኘሁት። አውቶብሱ! ከዌሪቢ ባቡር ጣቢያ ወደ መጋዘኖቹ የሚሄደው የእሁድ የማለዳ አውቶብስ ተቋርጧል። መኪና የሌለው ሁሉ በእግሩ ነው። እትዬ እናኑን ማናገር አለብኝ። የኛን መጋዘን የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው፤ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እሁድ እሁድ ያንን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና ዳር ዳር ይሄዱታል። ሻይ ሰዓት ላይ ጠየቅኋቸው። «ለእንግሊዞች ነው? በይ ጻፊው፣ ንግሥቲቱም ትስማው!»

የአውቶብስ ድርጅቱን ቃል አቀባይ በስልክ አገኘሁት። ልጅ ነው፣ ከድምፁ ሃያ አምስትም የሚሞላው አይመስለኝም። ማስቲካ እያኘከ ነው ያናገረኝ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 13

ጽፌ ጨረስኩ። እንዴት ደስ ይላል! እጄ አልረሳም። ይኸው፦

«የእሁድ የማለዳው አውቶብስ የተቋረጠው ተሳፋሪ በማነሱ መሆኑን የድርጅቱ ቃል አቀባይ ገልጸዋል። በጽዳት ሥራ የምትተዳደረው እናኑ በበኩሏ ከጣቢያው እስከ ሥራ ቦታዋ በእግሯ ለመሄድ መገደዷን ትናገራለች።»

አጭር፣ ንጹሕ። በምሳ ሰዓት ለእትዬ እናኑ አነበብኩላቸው። ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ሰሙኝ። «ስሜ አለበት አይደል?» አሉ። አለበት አልኳቸው። «ላኪልኝ፣ ወልድያ ላለው ወንድሜ ላሳየው።» ላክሁላቸው። ለለንደንም ላክሁ።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 22

ዛሬ ሳቅሁ፣ አፈርኩም። ጋሼ ጌታቸው ለምሳ እኛ ቤት መጥተው ነበር። ልጄ ቅዱሳን በሩን ከፈተችና «አንተ ማነህ?» አለቻቸው! የሰባት ዓመት ልጅ! አማርኛዋ እንደሆነ ከኔና ከአባቷ የለቀመችው ነው፣ እኛ ደግሞ ቤት ውስጥ አንተ አንቺ ነው የምንባባለው። ጋሼ ዝቅ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከሰዓት በኋላ አስቀምጬ አስተማርኳት። ለትልቅ ሰው «አንቱ»፣ «ይምጡ»፣ «ይቀመጡ»። «ኦኬ፣ ኦኬ» አለች። ማታ በአጥሩ በኩል የጎረቤትን ውሻ ስትጠራ ሰማናት፦ «ይምጡ! ይምጡ! ጉድ ቦይ፣ ይቀመጡ!» ልዑልሰገድ ሳቁ ትን ብሎት ውሃ አመጣሁለት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 7

ኢንተርቪው። የለንደን ጠዋት ለኛ ሰፈር ለሆፐርስ ክሮሲንግ ምሽት ነው፤ ፀሐይዋ ገና ሳሎን ውስጥ ነበረች። ልዑልሰገድ ቅዱሳንን ይዞ ፓርክ ሄደልኝ። ከላይ ሸሚዝ፣ ከታች የቤት ሱሪ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ሰው፦ ነስሪን የምትባል አዘጋጅ፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ አነጋገሯ ጥርት ያለ፤ ጎኗ አማርኛ የማይሰማ እንግሊዛዊ።

ጥሩ ጀመርን። ድምፄን ወደደችው። «ብዙው ሥራ ግን ሰው በስልኩ ለሚያየው ቪዲዮና ጽሑፍ ነው፣ ሬዲዮው አጭር ነው የሚሆነው» አለች። እሺ አልኩ። ከዚያ ጽሑፌን አወጣች።

«እናኑ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ስታገኚያቸው ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያቸው?»

«እትዬ እናኑ።»

«አንቱ ትያቸዋለሽ?»

«እንዴታ!»

«ቃል አቀባዩስ? ስንት ዓመቱ ነው?»

ያኔ ገባኝ። ማስቲካ የሚያኝከው ልጅ «ገልጸዋል»። እትዬ እናኑ «ትናገራለች»። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት! ማንም አላዘዘኝም። «የዜና አጻጻፉ እንደዛ ስለሆነ...» አልኩ፣ ድምፄ ወደ ውስጥ ገባ።

«ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ነው እንደዚህ ጽፎ የላከልን» አለች። «እኛም ገና አልወሰንንም፣ በየቀኑ እንጨቃጨቅበታለን። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

እንግሊዛዊው ምን እያወራችሁ ነው ብሎ ጠየቃት። አስረዳችው። ግራ ገባው። «ሂ ሴድ፣ ሺ ሴድ... ችግሩ ምን ላይ ነው?» አለ። የታደለ!

«ሁሉንም አንቱ» አልኩ።

«ሌባውንም?»

«ሌባውንም። ቢያንስ ፍርድ ቤት እስኪወስንበት።»

«የአሥር ዓመት ልጅስ?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። «እሱን አላውቅም» አልኩ። «የኔ ልጅ ግን ለጎረቤት ውሻም ይምጡ ነው የምትለው።» ነስሪን ከት ብላ ሳቀች። ለእንግሊዛዊው ስትተረጉምለት እሱ አልሳቀም።

ጥሩ ነበር? መጥፎ ነበር? እንጃ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 9

እትዬ እናኑ ዛሬ እየሳቁ መጡ። «ወንድሜ ጽሑፍሽን አንብቦ ተቆጣልሽ! "ማን ናት ይቺ፣ ትናገራለች የምትልሽ? አብራሽ ነው ያደገችው?" አለኝ። ተይው፣ እሱ ድሮም ቁጡ ነው።» ሻያቸውን ፉት አሉ። የምር አልከፋቸውም። ወይስ ከፍቷቸዋል? ይቅርታ እትዬ አልኳቸው። «ለምኑ?» አሉኝ።

ሌላ ሻይ ቀዳሁላቸው። ቀኑን ሙሉ ደሜ ሲፈላ ዋለ፣ በራሴ።

ዓርብ፣ ማርች 3

አልተሳካም። ትሕትና የተሞላበት ኢሜይል ነው። ቪዲዮ መቅረጽና ማቀናበር የሚችሉ ሰዎችን መርጠዋል፤ ድምፄ ግን «ግሩም» ነው። ግሩም! ግሩም ድምፅ ለማን ሊሆን? ለሄድሴት?

መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልዑልሰገድ ወጥቶ ጎኔ ተቀመጠ። ዝናብ ጀመረ። በስተመጨረሻ «ለንደንም እኮ ዝናብ ነው» አለ። መታሁት። ከዚያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 18

ከጋሼ ጌታቸው ጋር ተጣላን። ዜናዬን ቀድመው አዩትና በቀይ እስክሪብቶ ሊያርሙ ተነሱ። የገበያ ነጋዴዋን «ተናግረዋል» ብያታለሁ፣ ታክሲ ነጂውንም «ብለዋል»።

«ይኼ ምንድነው?»

«ዜና ነው ጋሼ።»

«ሚኒስትሩን አንተ ልትዪልኝ ነው ደግሞ?»

«ኧረ ማንንም አንተ አልልም! ሌላውን አንቱ ልል ነው እንጂ።»

«ለነጋዴዋ ተናግረዋል ካልሽ፣ ለሚኒስትሩ ምን ይቀራል?»

«ሚኒስትርነቱ ይበቃዋል!» አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፤ መስታወቱ ማዶ ያለው ቴክኒሻን ቀና ብሎ አየን።

ጋሼ ክራባታቸውን አስተካከሉ። «አርባ ዓመት እንዲህ ስናነብ ነው የኖርነው» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከቁጣቸው ይልቅ ይኼ ነው ያሳዘነኝ። ቆይተው፣ «በዜናሽ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ በማቀርበው ግን እንዳትገቢ።» እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተቱት።

አነበብኩት። አፌ አልለመደውም፣ ሁለት ቦታ ተደናቀፍኩ። መዝጊያዋ ያቺው ናት፦ «...ያነበበችላችሁ በለጥሻቸው ናት።»

ቆይ... እኔስ?

እስከ ዛሬ ሰምቻት አላውቅም ማለት ነው? ስንት ቅዳሜ! አሁን ስለ ነጋዴዋ ስጨቃጨቅ ቆይቼ «እኔንም አንቱ በሉኝ» ልበላቸው? ሞቼ ነው! ዋጥኳት።

ማክሰኞ፣ ጁን 20

ብርድ። ማሽኑ ዛሬ «ሴይ አጌን» አላለኝም። ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ሲጎረንን ገባው። ጉድ እኮ ነው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 21

የለንደኑ አማርኛ በዚህ ሳምንት ጀመረ። በምሳ ሰዓት ከእትዬ እናኑ ጋር አንድ አንድ ጆሮ ተካፍለን በስልኬ ሰማን። እቀናለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ቀናሁም! እዚያ ወንበር ላይ እኔ ብሆን አልኩ። ግን ደግሞ ጆሮዬ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነበር፦ ማን «አሉ»፣ ማን «አለ» ተባለ... እትዬ እናኑ «ምን ሆነሽ ነው ከንፈርሽን የምታንቀሳቅሺው?» አሉኝ።

ሌላም ወሬ ነበራቸው። የእሁዱ አውቶብስ ሊመለስ ነው! ሠራተኛው ፊርማ አሰባስቦ ነበር። መጀመሪያ የፈረሙት ማን እንደሆኑ መጠየቅ አያስፈልግም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 23

ልዑልሰገድና ቅዱሳን አደረሱኝ፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው ጠበቁኝ።

ጋሼ ጌታቸው ዜናዬን አስቀድሜ ላሳያቸው ስል «አያስፈልግም» አሉ። ካኮረፉ ወራት ሆኗቸዋል፤ ያኔ እንደተባባልነው እሳቸው በዜናዬ አይገቡም፣ እኔም በሳቸው አልገባም። በቃ፣ እንዲህ ነው የምንኖረው ብዬ ነበር።

አነበብኩ። «የእሁድ የማለዳው አውቶብስ ሥራ እንደሚጀምር ድርጅቱ አስታወቀ። በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩት ወይዘሮ እናኑ ውሳኔው እንዳስደሰታቸው ገልጸው፣ "ጉልበቴ ተመስገን ይበል" ብለዋል።» አልተደናቀፍኩም። ብቻ «ወይዘሮ እናኑ» ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ አድማጭ ያስተዋለው አይመስለኝም።

ከዚያ የጋሼ መዝጊያ። ወረቀቴን እየሰበሰብኩ ነበር። በልብ የማውቃት ናት፣ ማን ይሰማታል?

«ዝግጅቱን የመሩት አቶ ጌታቸው ሲሆኑ...»

ቆሙ። ቆሙ እኮ! በቀጥታ ስርጭት ላይ ያለ ምክንያት ቆመው አያውቁም። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው አላዩኝም፣ ክራባታቸውን ይነካካሉ።

«...ዜናውን ያነበቡልን ወይዘሮ በለጥሻቸው ናቸው።»

ቀይዋ መብራት ጠፋች። «አስረጁኝ እኮ ጋሼ!» አልኩ። «ሥራሽ ነው» አሉና ገመዳቸውን መጠቅለል ጀመሩ። እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። «ተይ፣ ተይ» አሉ፣ ግን አልነጠቁኝም።

መኪና ውስጥ ስገባ ልዑልሰገድ ዓይኑ ቀልቷል፣ የአበባ ብናኝ ነው ይላል። ቅዱሳን ከኋላ ወንበር ቀበቶዋን ፈታ መጣችብኝ።

«ማሚ፣ ናቸው ማለት ዜይ ማለት አይደል? ለብዙ ሰው?»

«አዎ።»

«ግን አንቺ ነሽ ያነበብሽው። ሌላ ማን ነበር እዛ ውስጥ?»

«እትዬ እናኑ» አልኳት።